መርዶ በአርቪ

ጎሳዬና እህቱ ፀደይ ከኮሎምበስ ከወጡ ሁለት ቀናቸው፣ ከተጣሉ ግን ሦስት ወራቸው ነበር።

"ጥቁሩን አውልቂ አልኩሽ እኮ!" አለ ጎሳዬ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

"አባቴ ሞቶ ቀይ ልልበስልህ፣ ጋሼ?"

"ለአንድ ቀን ብትለብሺ ትሞቻለሽ?"

አባታቸው ከሦስት ወር በፊት አዲስ አበባ አረፉ። ታናሽ ወንድማቸው ቢሩክ የመርከብ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ባሕር ላይ ብቻውን እንዳይሰማ ተብሎ ተደብቆበታል። ፀደይ በስልክ ይነገረው ብትል ጎሳዬ፣ "መርዶ ፒዛ ነው እንዴ በስልክ የሚላከው? ፊት ለፊት ነው!" ብሎ ጮኸባት። መርከቡ እህል ሊጭን ሚሲሲፒ ወንዝ መግባቱን ሲሰማ፣ ቢሩክ አልቅሶ የሚተኛበት አልጋ ይኑረው ብሎ ይህን አርቪ የሚሉትን፣ አልጋና ማድቤት ያለው የጉዞ መኪና ተከራየ። ሃያ ዓመት ትራክ የነዳ ሰው ነውና፣ መሪውን ለአንድ ማይል እንኳ አላስነካትም።

ወደቡ በር ሲደርሱ ዘበኛው ከጥበቃ ቤቱ መስኮት ጀርባ ሆኖ እጁን አወናጨፈባቸው። ኮቪድ ነው፤ ከመርከብ የሚወርድም፣ መርከብ ላይ የሚወጣም የለም። ጎሳዬ መሪውን በቡጢ መታው።

ወዲያው ቢሩክ ለፀደይ ቴክስት አደረገላት። "ልንነሳ ነው። ወደ ባሕሩ ስንወርድ ወንዙ ዳር ቁሙልኝ፤ በሩቅ ማያ መነጽር አያችኋለሁ።"

ወንዙን ተከትለው ወደ ታች ነዱ። በአንድ በኩል ረግረግ፣ በሌላው ሣር የለበሰ የአፈር ግድብ ነው። ወንዙ ከግድቡ ጀርባ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ አይታይም፤ የሚያልፉት መርከቦች ሣሩ ላይ የሚንሸራተቱ ይመስሉ ነበር።

"እጃችንን እናውለበልብለትና እንመለሳለን" አለ ጎሳዬ ግድቡ ሥር ሲያቆም።

"ከዚያስ? ስድስት ወር ደግሞ 'አባባ ደህና ናቸው' ልበለው? የምዋሸው እኔ! አንተማ መሪህን ይዘህ ዝም ነው!"

"አፍሽን ያዢ! ይሄን ደርቢ" ብሎ ቢጫ የሥራ ጃኬቱን ወረወረላት። በእግሯ ገፋችውና ወርዳ ከመኪናው ኋላ ባለው መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣች። ጎሳዬም ጃኬቱን ይዞ እየተራገመ ተከተላት።

መርከቡ መጣ። ጎሳዬ ጃኬቱን በግድ ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ አሽቀንጥራ ጣለችው፤ አንስቶ ደግሞ ክንዷን ጨምድዶ ያዘ። እንዲህ ሲታገሉ ስልኳ ጮኸ።

"ፀደይ" አለ ቢሩክ። "ጋሼ ለምንድነው ልብስ የሚያለብስሽ?"

ክንዷን ከጎሳዬ እጅ አስለቀቀች።

"ጥቁር ነው የለበስሽው? ማን ነው? ንገሪኝ!"

ስልኩን ጎሳዬ ደረት ላይ ለጠፈችው። "እንካ። ራስህ ንገረው።"

ጃኬቱ ከእጁ አምልጦ መንገዱ ላይ ወደቀ።

"ቢሩኬ" አለ፣ ድምፁ ሌላ ሆኖ። "አጠገብህ ሰው አለ?"

መርከቡ አልቆመም። ጎሳዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ስምንት እርምጃ የምትሆነውን ጣሪያ እስከ ጫፏ ድረስ ተከትሎት ሄደ።