እስከ አስር ሰዓት

«አልጋውን ነገ ትገጥምልኛለህ፤ እንደ ባለፈው ብሎኑ ተረፈ ብለህ በኪስህ ይዘህ እንዳትሄድ!» አለች እጅጋየሁ፣ ዳገቱ ቁና ቁና እያስተነፈሳት።

ባዩ ሳቀ። ቢያንስ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣም ነበር፤ ሱዳን ከተገናኙ ጀምሮ በቀልድ እየተሰዳደቡ የኖሩ ወዳጆች ናቸው።

አልጋው የጽጌ ነው። የእጅጋየሁ ልጅ ጽጌ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አዲስ አበባ ከአያቷ ከእማማ ውብዳር ጋር ነው ያደገችው። እናቷ ወዳለችበት አሜሪካ ለመምጣት የኤምባሲው ቀጠሮ ለሚመጣው ወር ተቆርጦላት ነበር። በዚህ ሳምንት ማጅራት ገትር ይዟት በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት ሞተች። ይህን ኦክላንድ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናቷ ብቻ ናት።

መርዶው ዛሬ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሰው ከሳን ሆዜም ከሬድውድ ሲቲም ከሥራ ወጥቶ ቤቷ ይሰበሰባል።

«አንድ ሰው ከስልክ ያርቃት» ብለውት ነበር ሽማግሌው አቶ ተክለጻድቅ። «አንተ ብትሆን አትጠረጥርም።»

«ጋሼ፣ እኔ አልችልም።»

«ማን ይችላል ብለህ ነው?»

ወዴት እንደሚወስዳት ግራ ሲገባው የደረሰለት ጃፓናዊው ናካሙራ ነው፤ ሳንታ ክላራ አብሮት ኤሌክትሮኒክስ ይገጣጥማል። ናካሙራ ቶክዮ ሳለ በዕረፍት ቀኑ ማለዳ ባቡር ተሳፍሮ፣ ተራራ ሲወጣ ውሎ ማታ ከተማው ይመለስ ነበር። እዚህም ከኮንኮርድ ከተማ በላይ ያለውን ማውንት ዲያብሎን እንደዚያው ለምዶታል። መንገዱን በእርሳስ ነደፈለት፤ ውሃ ያለበትን፣ ጥላ ያለበትን፣ ድንጋዩ የሚያንሸራትተውን ሁሉ ጻፈለት። ስልክ ያለበትን ግን አልጻፈም።

«አሁን ማን ይሙት፣ ዴይ ኦፌን የሰይጣን ስም ያለው ተራራ ላይ ላሳልፍ?» አለች እጅጋየሁ። «ደግሞ ጧት ሳልደውል አጣደፍከኝ። በኋላ እዚያ ይመሻል፤ እማዬ ለስልክ ጎረቤት ድረስ ነው የምትሄደው። ግድ የለም፣ ከመንገድ ኮል አደርጋለሁ» ብላ ሳንቲም የሞላ ካልሲ ከቦርሳዋ አውጥታ አንሿሿችበት። ባዩ ቦርሳውን ከእጇ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ።

ሰኔ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ከዛፎቹ ጥላ እየወጡ እንሽላሊቶች መንገዱን ያቋርጣሉ። እሷ ታወራለች። ጽጌ ከየትኛው ክፍል ብትገባ፣ እንግሊዝኛው ቢከብዳት ማን ቢያስጠናት፣ ስንት ቁጥር ጫማ ቢገዛላት። ባዩ ቦርሳዋን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል፤ ፊቱን እንዳታይበት።

ረፋድ ላይ የተራራው ጠባቂዎች ቤት ደረሱ። ግድግዳው ላይ የሳንቲም ስልክ ተሰቅሏል። ባዩ ቀድሟት ሮጠና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። መስመሩ ጥርት ብሎ ይጮኻል።

«ተበላሽቷል» አላት ሲመለስ።

«እስቲ ልየው።»

«ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ! አታምኚኝም?»

ተቆጣ። ሳያስበው ነው የተቆጣው። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሊቀዳላት ጎንበስ እንዳለ አንድ ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ መጣ፤ ሳንቲም ጨመረና ደወለ፤ እየሳቀም ማውራት ጀመረ።

እጅጋየሁ ሰውየውን አየችው። ከዚያ ባዩን አየችው፤ ሳትጠይቀው ቦርሳዋን የተሸከመላትን፣ ዳገቱን ሙሉ አንዴ እንኳ ያልሰደባትን ባዩን። አምና የጓደኛቸው የወይንሸት ወንድም ሲሞት፣ ሰው እስኪሰበሰብ ወይንሸትን ሳን ሆዜ ወስዳ ቀኑን ሙሉ ጫማ ስታስለካት የዋለችው ራሷ እጅጋየሁ ነበረች። ያን ጊዜ ያደረገችውን ሁሉ አሁን ባዩ ላይ እያየችው ነው።

«ለስንት ሰዓት ነው የተቀጠረው?» አለች።

«ምኑ?» ሊላት ፈለገ። አልቻለም።

«ለአስር ሰዓት።»

«ማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ።»

«እጅጉ…»

«እንዳትነግረኝ አልኩህ! እዚያ እናቴና ልጄ ብቻ ናቸው ያሉኝ። እስከ አስር ሰዓት ሁለቱም አሉኝ።»

ተነሳች። ወደ መኪናው ትመለሳለች ብሎ ሲጠብቅ ሽቅብ ወደ ጫፉ መንገድ ገባች። ባዩ ተከተላት። አቶ ተክለጻድቅን ጠላቸው፤ ራሱንም ጠላ። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ ራሷን ብትፈጠፍጥ ማን ይይዛታል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ዝም ያለው ለዚያ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉን ከአፉ ማውጣት ፈርቶ ነው።

ጫፉ ላይ ነፋስ አለ። በምዕራብ በኩል፣ ከኮረብቶቹ ወዲያ፣ ኦክላንድ ጭጋግ ለብሳለች። እጅጋየሁ አለት ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«አዎ።»

«ስኳርም አለባት። ባለፈው ስደውል ድምፅዋ ደክሞ ነበር፤ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ብዙ አየች፤ ብዙ ኖረች… አይደል?»

ይህን እንዳለች የምትለምነው ምን እንደሆነ ገባትና አፏን በመዳፏ ከደነች። ባዩ አጠገቧ ተንበረከከ። እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ባዩ፣ እናቴ ናት በለኝ።»

ዓይኗን ላለማየት ሰዓቱን አየ። ስድስት ተኩል ነው።

እጅጌውን እንደገና ሳበችው።

«በለኝ።»