የደንበኛው ውሃ

«ውሃውን ቀየርኩለት» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፣ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እያደረቁ። «ጥርት ያለ የቧንቧ ውሃ ነው። አንቺ ምንም አታስቢ፣ እታለም።»

ሀብትነሽ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ በላይ ምን ትበል? ጠዋት ሌላዋ ጎረቤት ወለተ ኢየሱስ ቀይራዋለች። ትናንት አልጣሽ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ቀይረውታል። አንዷ የሌላዋን አታውቅም። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ካላጠብኩ፣ አንድ ነገር ካላነሳሁ ይላል፣ የሞተባት ግን እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አለባት።

ዕለቱ የባሏ የአቶ አስናቀው ሥልስት ነበር። ረፋድ ላይ የእድሩ ድንኳን ፈርሶ ሰው ወደ ቤት ገብቷል፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ባለው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ቀይ ዓሣ አለ። ሰው ሲጠጋው ክንፎቹን ዘርግቶ መንጎራደድ ልማዱ ነበር። አሁን ግን ክንፎቹን አጥፎ ጠጠሮቹ ላይ ተኝቷል፣ ቀለሙም ደብዝዟል።

«እማ፣ ልንገራቸው?» ብላ ሹክ አለቻት ልጇ ሠርክአዲስ።

«ኧረ ተይ! እትዬ አልጣሽ ቤታቸውን ጥለው ሦስት ቀን እዚህ ናቸው። ‘ሊገድሉብኝ ነው’ ልበላቸው?»

ይህን ብትልም ዓይኗን ከጠርሙሱ መንቀል አልቻለችም። ከአስናቀው እጅ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። እሱም ከሞተ መስኮቱን እንዴት እንደምታየው አታውቅም።

አስናቀው ልብስ ሰፊ ነበር። በፍኖተ ሰላም፣ የባሕር ዳር አውቶቡሶች ከሚያልፉበት አስፋልት ዳር፣ በቤቱ በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሠላሳ ዓመት ሰፍቷል። በሚሌኒየሙ ዓመት አዲስ አበባ ትማር የነበረችው ሠርክአዲስ ለፋሲካ ስትመጣ፣ ውሃ በሞላ ላስቲክ አንድ ቀይ ዓሣ ይዛለት መጣች። «ቤታ ይባላል» አለችው። ሀብትነሽ «ለአባት ካልሲ እንጂ ዓሣ ይመጣል?» ብላ ስቃለች። እሱ ግን ከመኪናው ጎን አስቀምጦት ስም አወጣለት፦ ደንበኛዬ።

«ከደንበኞቼ ሁሉ ‘ለመቼ ይደርሳል?’ ብሎ የማይጨቀጭቀኝ እሱ ብቻ ነው» ይል ነበር። አላፊ አግዳሚው «አስናቀው፣ ለፍልሰታ ነው የምታደልበው?» እያለ ሲቀልድበት አብሮ ይስቃል።

ይህ የመጀመሪያው ዓሣ ሃያ ቀንም አልቆየም። አስናቀው ጠዋት ማታ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ፣ ጠርሙሱን በሎሚ ፈትጎ፣ ወዲያው ከቧንቧ የቀዳውን ውሃ ይሞላበት ነበር። አንድ ቀን ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፎ አገኘው። ያን ዕለት ክር አለቀብኝ ብሎ ስፌቱን አቆመ። ሀብትነሽ ጓዳ ስትገባ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ንጹሕ ላድርግለት ብዬ ጨረስኩት» አላት።

ሠርክአዲስ ዓሣውን የሸጠላትን ሰው ጠይቃ መለሰች። ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ይቀየራል፣ ያውም ሢሶው ብቻ። የሚጨመረውም ተቀድቶ ያደረ ውሃ ነው። ዓሣ የለመደው ውሃ እንዳለ ከተወሰደበት አይችልም። ሌላም ዓሣ ላከችለት።

አስናቀው ለሰውም እንደዚሁ ነበር። ለልጁ ጠዋት ማታ እየደወለ «በላሽ? ተኛሽ? ሹራብ ለብሰሻል?» ሲላት ስልኩን አለማንሳት ጀምራ ነበር። ሀብትነሽን ራሷን ሲያማት ደግሞ በየደቂቃው «ተሻለሽ?» እያለ ሕመሙን ያብስባት ነበር። ሁለተኛው ዓሣ ከመጣ ወዲህ ግን የሚደውለው እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። ጥቂት ቆይታ ሠርክአዲስ ራሷ ረቡዕ ረቡዕ መደወል ጀመረች። ሀብትነሽም ሲከፋት በርጩማውን ከጎኗ ያመጣና ዝም ብሎ አብሯት ይቀመጣል። ያ ዝምታው እንዴት ደስ ይል ነበር! ሠላሳ ዓመት ደግ ባል ነበራት፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን እግዚአብሔር በተለይ የመረቀላት ይመስላታል። አሁንም ፍራሹ ላይ ሆና ስለነሱ «ተመስገን» ትላለች፣ እንባዋም አብሮ ይወርዳል።

በሥልስቱ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ወለተ ኢየሱስ ከግሽ ዓባይ የመጣ ጠበል በጀሪካን ይዛ ገባች። ሀብትነሽን በጣሳ አጠጣቻት፣ ፊቷን አበሰችላት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ይችም ፍጥረት ደንግጣለች መሰል፣ ፈዛለች። የጧቱን ውሃ ልድፋና በጠበሉ ልሙላላት» ብላ ጠርሙሱን አነሳችው።

ሀብትነሽ ከፍራሹ ብድግ አለች። ሴቶቹ ሁሉ ደነገጡ። ሐዘንተኛ ለሥራ ሲነሳ ጎረቤት ጎደለ ማለት ነው።

«ምነው! ምን ጎደለብሽ? እኛ አለን አይደል?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

«ምንም አልጎደለብኝም፣ እትዬ። እናንተ ባትኖሩ ይህን ሳምንት በምን እወጣው ነበር? እድሜ ይስጥልኝ።» ጠርሙሱን ከወለተ ኢየሱስ እጅ ቀስ ብላ ተቀበለች። «ብቻ ይችን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። የሱ ሥራ ነበረች።» ከዚያም ነገረቻቸው፤ ስለ መጀመሪያው ዓሣ፣ ስለ እሑድ፣ ስላደረ ውሃ።



«እኔኮ በቀን ሁለቴ ነው የቀየርኩለት» አሉ አልጣሽ።

«እኔም ሁለቴ» አለች ወለተ ኢየሱስ።

«ወይ አበሳዬ! ልንገድለው ነበር በሉኛ!»

«አስናቀውም አንዱን ገድሎ ነው የተማረ» አለች ሀብትነሽ። ሳታስበው ሳቀች። አልጣሽም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከሰኞ ወዲህ በዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

«ሢሶው እስከየት እንደሆነ በጠመኔ አስምሮበት ነበር፣ አሁን አላየው አልኩ» አለች ሀብትነሽ።

የአልጣሽ ሳቅ ቆመ። «ያ ነጭ ጭረት? የቀብሩ ለት ቤት ሳጸዳ… እድፍ መስሎኝ ጠረግሁት፣ እታለም።»

«ግዴለም፣ እትዬ» አለች ሀብትነሽ፣ እጃቸውን ይዛ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይዘሮ አልጣሽ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድተው መጡ። መስኮቱ ሥር አኑረው፣ በትሪ ከድነው፣ ጠርሙሱን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ወጡ። ዓሣውም ከሐሙስ ወዲህ ማንም ስላልነካው ከጠጠሮቹ ተነስቶ እስከ ጠርሙሱ ወገብ ድረስ ወደ ላይ መጥቷል።

እሑድ ሰባተኛው ቀን ነበር። ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰቡ። አልጣሽ ላግዝ እንዳይሉ እጆቻቸውን ጉልበታቸው መሐል ቀብረው ተቀመጡ። ሠርክአዲስ ጣሳውን ይዛ «እማ፣ እስከየት ነው የምቀንሰው?» አለች።

ሀብትነሽ ሚስማሩ ላይ ወደተሰቀለው የአስናቀው የሥራ ካፖርት ሄደች። ኪሱ ውስጥ ተሟጦ የጥፍር ያህል የቀረ ጠመኔ አገኘች። ይዛው ጠርሙሱ ፊት ቆመች፣ መስተዋቱ ግን ጥርት ብሎ ባዶ ነው።

ያኔ የሁለተኛው ዓሣ የመጀመሪያ እሑድ ትዝ አላት። ዱቄት ስታቦካ አስናቀው «ሀብትነሽ፣ ነይማ ጣትሽን አምጪ!» ብሎ ተጣራ።

«የራስህ ጣት የት ሄደ?»

«የኔ ወፍራም ነው። ያንቺ ነው ልኩ።»

ሦስት ጣቶቿን ከውሃው አፍ ጀምሮ መስተዋቱ ላይ ለጠፋቸው፣ ከሥራቸው አሰመረ። እሷ «ጠርሙሱን በዱቄት አስበከልከኝ» ብላ ተቆጥታ ሄደች፣ በዚያው ረሳችው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ በእሷ እጅ ልክ ሲቀዳ ኖሯል።

ሦስት ጣቶቿን መስተዋቱ ላይ አስተኛች። ከሥራቸው በጠመኔው አሰመረች።

«እስከዚህ» አለች ለልጇ፣ ጣቶቿን ግን ከመስተዋቱ አላነሳችም።