ዘጠነኛው ላይ የቆመ ደወል

ሠላሳ አንድ ዓመት በጃፓን የትግል ግጥሚያዎች ላይ ደወል መትቻለሁ። ሥራዬ ታጋዮቹ ከሚገጥሙበት መድረክ፣ ከሪንጉ ሥር ካለች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ሰዓት መያዝና ደወሉን በመዶሻ መምታት ነው። ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ ካልመታሁ ግን ግጥሚያው አይጀመርም፣ አያልቅምም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቆጠራ ተሳስቼ አላውቅም። ስለ ታጋዩ ኩራሞቺ ሽኝት ስነግራችሁ ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ኩራሞቺ ሺንሱኬ ወደ ድርጅታችን ሲመጣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አጭር ነህ ብለው ሁለት ጊዜ መለሱት። በሦስተኛው ጊዜ፣ ቁመት እንዲጨምርለት ጫማው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ መጣ፤ አሠልጣኙም አይቶ እንዳላየ አለፈው። ሁለት ዓመት የታላላቆቹን ጀርባ አጠበ፣ ለሃያ ሰው የሚበቃ የዶሮና የጎመን ሾርባ ቀቀለ፣ እነሱ ጠግበው ሲነሱ የተረፈውን በላ። ማንም አላዘነለትም፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎቹ ሰሞን አንድ ቀን ተጋጣሚው አንቆ ያዘውና ዳኛው በቃ አለ። ልመታ ስል የመዶሻዬ ራስ ከእጀታው ወልቆ በረረ። ተጋጣሚው አሸነፍኩ ብሎ ለቆት ሲሄድ ያ ጉደኛ ከኋላው ዘሎ ተከመረበት። በኋላ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሲገሥጹት አንገቱን ደፍቶ፣ ደወል አልሰማሁም አለ። ከዚያ ወዲህ ኩራሞቺ ደወል ካልሰማ አያቆምም እየተባለ ይቀለድበት ጀመር። እሱም አልተቀየመም፤ እውነት ነበራ።

ከመቶ ኪሎ በታች ያሉት ጁኒየር ይባላሉ። ይዘላሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ከገመዱ አናት ላይ ይወረወራሉ፤ የዋናው ግጥሚያ ክብር ግን ብዙ ጊዜ የከባዶቹ ነው። ኩራሞቺም አንድ ክረምት ከባድ ልሁን ብሎ በቀን አሥር ሳህን ሩዝ ዋጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ኪሎው ሲመጣ ዝላዩ ሄደ። በመጨረሻ ወደ ሰማንያ አራት ኪሎው ተመለሰና የጁኒየሮቹን የአሸናፊነት ቀበቶ አራት ጊዜ ታጠቀ።

ሚስቱን ያገኛትም ሪንጉ ላይ ነው። ስሙ ሲጠራ ደጋፊዎቹ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸውን፣ አየር ላይ እየተፈቱ የሚዘረጉ የወረቀት ጥቅሎች ይወረውሩለታል። ወግ ያለው ደጋፊ ቤቱ ተቀምጦ መሐል ያለችውን ካርቶን አውጥቶ፣ ወረቀቱን እንደገና ጠቅልሎ ይመጣል፤ ካርቶኑ ካለ ድንጋይ ነው። ሚዮኮ ያኔ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወረውር ካርቶኑን ማውጣት ረስታ ቅንድቡን ፈነከተችው። ሦስት ቦታ ተሰፋ። በማግስቱ አንድ ሣጥን ጣፋጭ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሰነዘሩብኝ ሁሉ አንቺ ብቻ አገኘሽኝ ብሎ አሳቃት። በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ።

አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላው አንገቱ ከዳው። ግራ እጁ እየደነዘዘ ሻይ ማንሳት አቃተው። ሐኪሙ አንድ ጊዜ እንኳ መጥፎ አወዳደቅ ከወደቅክ እጅና እግርህን አታዝም ብሎ ቁርጡን ነገረው። ትግሉን ሊያቆም ተስማማ። ሽኝቱም በትውልድ ከተማው በሴንዳይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በእኛ ወግ የሚሰናበት ሰው ሪንጉ መሐል ብቻውን ይቆማል፣ መብራት ይደበዝዛል፣ ሕዝቡ ብድግ ይላል፣ ደወል አሥር ጊዜ ይመታል። ከአሥረኛው በኋላ አበቃ። አበቃ ይባላል እንጂ እኔ አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ሸኝቼዋለሁ፤ እየተመለሰ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም ኩራሞቺ ባለበት፣ እስኪ አንድ ዓመት ይረፍና እናያለን ሲል ሰምቻለሁ። ኩራሞቺ አልመለስም አላለም። ይህን አልወደድኩትም። እውነቱን ልናገርና፣ በሆዴ ደግሞ ወደድኩት።

በዕለቱ አዳራሹ ገና ሳይከፈት ሚዮኮ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና ጎንበስ ብላ፣ ስሜ ላይ ለአክብሮት «ሳን» ጨምራ ሰላም አለችኝ።

«ቶኩናጋ ሳን፣ አደራዎትን፣ ጠንከር አድርገው ይምቱት። አሥሩንም ይስማ።»

«ሥራዬ አይደል እንዴ?» አልኳት፤ ትንሽ ቅር ብሎኝ።

«ያውቁታል እኮ። ካልሰማ አያቆምም።»

ሰዓቱ ደረሰ። መብራቱ ደበዘዘ፣ ሁለት ሺህ ሰው ብድግ አለ። አንድ አልኩ፣ ሁለት አልኩ። በአምስተኛው ላይ በጫማው ውስጥ የነበረው ጨርቅ ትዝ አለኝ። ዘጠነኛውን መታሁና ክንዴን አነሳሁ። ክንዴ እዚያው ቀረ።

ተሳሳትኩ ብል ይቀለኝ ነበር። አልተሳሳትኩም። ልጅ ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አልወደውም ነበር፣ በእጄ ልጨርሰው አልቻልኩም።

አዳራሹ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ ፈገግ አለ። ዓይኔ ፊተኛው ረድፍ ላይ ካለችው ከሚዮኮ ጋር ተገጣጠመ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ የሠራሁት ገባኝና አፈርኩ። እኔ የያዝኩት ደወል ሳይሆን የእሷን ሰው አንገት ነበር።

ኩራሞቺ ከሪንጉ ወረደ። ድሮ ገመዱን ዘሎ ነበር የሚወርደው፣ አሁን በመሐል ሾልኮ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ። ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥቶ ግራ እጁን ዘረጋ። መዶሻውን ሰጠሁት። ጣቶቹ አልያዙትም፤ ወደቀና ተንከባሎ ከሚዮኮ እግር ሥር ቆመ።

አንሥታ መጣች። አንድም ቃል ሳትናገር እጁ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት፣ በራሷ እጅ ከላይ ያዘችው። አብረው መቱት።

እንደዚያ የጮኸ ደወል ሰምቼ አላውቅም። አስተዋዋቂው ለመጨረሻ ጊዜ ስሙንና ሰማንያ አራት ኪሎውን ጠራ። ወይን ጠጁ ወረቀት ዘነበብን፤ አንዱም አልጎዳንም። ከወረቀቱ ሥር ሆኜ አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም።

ሲረጋጋ፣ አጎንብሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ዘጠነኛው ላይ ሲቆም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቶኩናጋ ሳን» አለኝ ኩራሞቺ ቀስ ብሎ። «ያስፈራኝ እሱ ነው። ስለዚህ ወረድኩ።»

ሚዮኮ ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ወረቀት አውጥታ ግራ እጁ ውስጥ አኖረችው። በአውራ ጣቱ መሐሉን ዳሰስ አደረገና ቅንድቡን ነካ።

«ካርቶኑን ዛሬም ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ሐኪሙ ጠንከር ያለ ነገር ይጨምቅ ብሏል» አለችው።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ጥቅሉን ለመጭመቅ ይታገላል፣ ይወድቅበታል፣ እሷ ታነሣለታለች፣ እንደገና ይጀምራል።