ማር የተቀባ ጣት

እና ትሕትና፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ የምርመራ ጥጡን በአሮጊቷ ጉንጭ ውስጥ ታዞራለች፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይደማ፣ እማማ አማከለች አፋቸውን እንደ ቆራቢ ከፍተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጠዋት ምንም አይቅመሱ ብላ ብትልክባቸው ከትናንት ማታ ጀምረው ውኃ እንኳ አልዋጡም፣ ትንሽ ቢቆዩ ይበቃ ነበር እኮ እማማ፣ ይሁን ልጄ፣ የልጄን አጥንት ልቀበል በልቼ ልቅረብ? ትሕትና ታፍራለች።

ከበሩ ጎረቤታቸው ጋሽ ዳኜ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ይስቃሉ፣ የመሬቱን ከፈልን፣ የማዳበሪያውን ከፈልን፣ አሁን ደግሞ የምራቅ ግብር መጣ በሉኛ! ዝም በል አንተ፣ ይላሉ እማማ ጥጡን እንደ ጎረሱ።

ሊስቁባት ይገባል። ባሕር ማዶ ሄዳ የተማረችው ከአጥንት ዲኤንኤ ማውጣት ነው፣ ሲቀጥሯት ላቦራቶሪው በመስከረም ይከፈታል አሏት፣ የትኛው መስከረም እንደሆነ ማንም አልነገራት፣ ማሽኑ እንደታሸገ ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ አብሯት የተቀጠረው ልጅ መድኃኒት ቤት ከፍቶ ፏ ብሏል፣ ሌላዋ ለትምህርት እንደወጣች ቀረች፣ እሷ ጥጥ ይዛ አገር ላገር ትዞራለች፣ ናሙናው ወደ ውጭ ይላካል፣ መልሱ አንድ መስመር ነው፣ ይዛመዳል፣ አይዛመድም። አብዛኛውን ጊዜ አይዛመድም።

ግን ይኸ ይሳካል፣ ይኸ እንኳ፣ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የወጡት አጥንቶች እጃቸው በሽቦ የታሰረ ነው፣ በደርግ ጊዜ ከሞላሌ የተወሰዱት ተማሪዎች ናቸው ይባላል፣ ከነሱ አንዱ ምንተስኖት፣ የእማማ አንድ ልጅ፣ ከሁሉም እናቱ በሕይወት ያለች የሱ ብቻ ናት፣ ከእናት የሚበልጥ ምስክር የለም ይል ነበር አስተማሪዋ።

ጥጡን ታወጣለች፣ ታሽጋለች፣ ማንን ይመስል ነበር እማማ? ለወሬ ያህል፣ እጇ ሥራ እስኪጨርስ። ኧረ ማንን ይመስላል ልጄ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ በፊተኛው ረሃብ፣ ሰው ከወሎ ሲሰደድ ከመንገድ ዳር ነው ያገኘሁት፣ እናቱ ሬሳ ላይ ተለጥፎ፣ ስሟንም የሚያውቅ የለ፣ ቄሱ ባሉበት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ አውራ ጣቴን ማር ቀብቼ አጠባሁት፣ ልጄ ሆነ። እኔም ነበርኩ፣ ይላሉ ጋሽ ዳኜ፣ ያ ጅብ ርቦት ጣቷን ሊቆረጥመው ነበር።

የጡት ልጅ። አገር ያውቀዋል፣ ሽማግሌ ያውቀዋል፣ ርስት ያወርሳል፣ ደም ያስከፍላል፣ የማያውቀው ይኸ ጥጥ ብቻ ነው። ወንድም? እህት? አክስት? ስም ከሌላት ሬሳ ዘመድ ከየት ይፈለጋል፣ ብትልከው አይዛመድም ይላል፣ ያን ጊዜ እውነተኛውን ምንተስኖት፣ እዚያ አጥንቶቹ መሃል ካለ፣ በገዛ እጇ የማንም አይደለህም ትለዋለች፣ ባትልከው ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዝም ልበል፣ ዝም ብዬ መኪና ልሳፈር፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አይደል የሚኖረው፣ ግን ለፍታቱ ካህኑ ተነግሯቸዋል፣ ለተዝካሩ ገብስ ተለይቶ ተቀምጧል፣ ስትገባ አሳይተዋታል።

እማማ፣ ምራቅዎ አያገለግልም። ድምጿ ካሰበችው በላይ ደርቆ ይወጣል። የሚሠራው ከወለደች እናት ብቻ ነው።

የጓሳ ሳር ክዳኑን ነፋስ ይነጨዋል። ጋሽ ዳኜ ባናቸውን ከራሳቸው ያወርዳሉ። እማማ ታዲያ እኔ ምኑ ነኝ እስኪሉ ትጠብቃለች፣ እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አውራ ጣታቸውን ያቀኑላታል። ተሳስተሽ ነው ልጄ፣ ከአፌ ምን ብለሽ ወሰድሽ፣ እሱ የጠባው ይኸን ነው፣ ከዚህ ውሰጂ።

አንድ ጥጥ ቀርቷታል። ጣቱም ከአፉ የተለየ እንደማይናገር እንዴት ብላ ታስረዳ፣ በየትኛው ቃል፣ ትከፍተዋለች፣ ጣቱን ታሻለች፣ ላዩን፣ ጎኑን፣ ከጥፍሩ ሥር፣ እማማ እንደገና ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጠበቅ አድርጊው ይሏታል፣ እንዳይቀር፣ ጠበቅ ታደርጋለች፣ ጥጡ ምንም አልያዘም፣ ነጭ ነው፣ ታሻለች፣ አሁንም ነጭ ነው፣