የልጆች እሑድ ጭማቂ

ወንድሜ ኢሲኬሊ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ለሚዘምሩበት የልጆች እሑድ ብሎ ከዋና ከተማዋ ከሱቫ ስድስት ካርቶን የማንጎ ጭማቂ በጀልባ አመጣ። ሽማግሌዎቹ አመስግነውና አጨብጭበው ተቀበሉት። እንዲህ የተቀበሉትን ስጦታ ማንም አይነካም፤ መልሶ ሊወስደው የሚችለው ሰጪው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሐሙስ ሐሙስ ማንበብ የምታስተምረን ነርስ ላቬኒያ ምጥ የያዛትን ሴት ይዛ ባሕር ተሻግራለች፤ እስከ ሰኞ አትመለስም። ብቻዬን ጣቴን በፊደሎቹ ላይ እየጎተትኩ አነበብኩ። የማንጎ ጭማቂ። ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ከተፈቀደው በላይ ተገኝቶበታል። የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ እንዳይጠጣ። ከታች የካርቶን መለያ ቁጥር አለ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ወረቀቱን ልጬ ካርቶኖቹ ወደተቀመጡበት ጓዳ ሮጥኩ። ቁጥሩ ያው ነው።

ልጄ ቲቲሊያ ሰባት ዓመቷ ነው። መዝሙሩን ስለምትመራ የመጀመሪያው ጠርሙስ የእሷ ነው ተብሏል።

ለወንድሜ እንዳልነግረው በእኛ ዘንድ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ አይነጋገሩም። ስሙን ከጠራሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የምልክበት ሰው ቢኖር ሚስቱ አካኒሲ ናት። እሷና እኔ ደግሞ ወጋችን በቀልድ መሰዳደብ ነው፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ቁም ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ካሳቫ ስትልጥ አገኘኋት። «አካኒሲ፣ ጭማቂው መርዝ አለበት።»

«ቀንተሽ ነው!» ብላ ሳቀች። «የአንቺ ባል ከሱቫ ምን አምጥቶ ያውቃል? ጉንፋን!»

«የምሬን ነው። አንብቤ ነው።»

«ማን፣ አንቺ? ባለፈው ወር ስምሽን ጽፈሽ መንደሩን ሁሉ ስታዞሪ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?»

«በልጄ እምልልሻለሁ!»

«ዓሣሽን ድመት በላው ብለሽ ያስሮጥሽኝ ቀንስ በማን ነበር የማልሽው?»

እውነቷን ነው፤ በልጄ ነበር። እጇን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ውይ፣ እንባም አለው! ሂጂ ወዲያ፣ ካሳቫዬን አታበላሺብኝ።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ መንደሩ ዋና ሽማግሌ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው አነበበውና መልሶ ሰጠኝ። «የተቀበልነውን ስጦታ መርዝ ነው ብዬ እኔ አፌን አልከፍትም፣ ልጄ። ሰጪው ይናገር።»

ባሌ ዓሣ ሊያጠምድ ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው። ቲቲሊያ ነጭ ልብሷን ለብሳ ስትለካ እያየሁ መሸ። እሷን ብቻ ብከለክል ሌሎቹ ልጆች መጠጣታቸው አይቀርም።

እሑድ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰለፉ። ኢሲኬሊ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፍቶ ለልጄ ሰጣት። ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ኢሲኬሊ!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቲቲሊያም ደንግጣ ጠርሙሱን ዝቅ አደረገችው። ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። «ከተፈቀደው» የሚለው ላይ ተደናቅፌ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ማንም አላገዘኝም። ቁጥሩ ጋ ስደርስ ወንድሜ ካርቶኑን አዞረና አየ። ወደ እኔ ዞር አላለም። ጠርሙሱን ከልጄ እጅ ወስዶ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«ውሃ ስጧቸው» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ።

ስድስቱንም ካርቶን ራሱ ተሸክሞ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ደረደራቸው።

ሁለት ሳምንት ሆነው። ለይቅርታ በሽማግሌ የላክሁት ምንጣፍ፣ ወንድሜ ሳይቀበለው፣ እንደተጠቀለለ ደጁ ላይ ቆሟል። ውሃ ልቀዳ ስወጣ በዚያ ነው የማልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። ዛሬ ጠዋት አካኒሲን ከቧንቧው ዘንድ አገኘኋት።

«እንደ ድሮው ‹አንቺ የጉንፋን ሚስት› በይኝ እንጂ» አልኳት።

ባልዲዋን አንስታ መንገዱን ለቀቀችልኝ።

«እንደምን አደሩ» አለችኝ።