እማማ ሲሳፈሩ የምትበራው መብራት

ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ። «ማንም አልነካውም» የሚለኝ ሰው ገመዱን በፕላስተር ጠቅልሎ ያመጣዋል። «ትናንት ደህና ነበር» የሚለኝ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በግፊ ሲያስነሣ የከረመ ነው። ስለዚህ አንድ ዝምተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ጋራዤ ድረስ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት የምትበራው አማቴ ሲሳፈሩ ብቻ ነው» ሲለኝ አልሳቅሁም። ተናደድኩ እንጂ።

«ሌላ ሰው ሲሳፈርስ?»

«አትበራም ጋሼ።»

«ሚስትህ ስትገባ?»

«አትበራም። እማማ ሲገቡ ትበራለች። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ባትሪው ሞቶ ቆመናል፤ ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው ነበሩ።»

ባትሪውን ለካሁት፤ ደህና ነው። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ነዳጅ ረገጥ አድርጌ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ለካሁ፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ይሰጣል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አልላላም፣ ገመዶቹ አልተላጡም። «መኪናህ ካንተ ይሻላል፣ ይዘኸው ሂድ» አልኩት። ሰውየው ግን ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ቅዳሜ ሊሄዱ ነው» አለ።

«ማን?»

«እማማ።»

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣሁት። የሚስቱ እናት ባላቸው ሲሞት እነሱ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መብራቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሳቸው በተሳፈሩ ቁጥር መብራት ስትጀምር፣ «እኔ ገደ ቢስ ነኝ፣ የልጄን ትዳር ሳላበላሽ ልሂድ» ብለው ሻንጣቸውን ቆልፈዋል። ቅዳሜ ወንድ ልጃቸው ከሌላ ከተማ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ሚስት መብራቷን ባሏ የገጠማት ይመስል አኩርፋዋለች።

«ምክንያቱ ከተገኘ ይቀራሉ ብዬ ነው» አለ፣ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አጠገቡ የተቀመጠ ይመስል እያንሾካሾከ።

በገደ ቢስነት የሚሠራ ሽቦ የለም። ነገሩ ሙያዬን ነካው። «ነገ እማማን ይዘሃቸው ና» አልኩት።

ማክሰኞ መጡ። እማማ ረዘም ያሉ፣ ደልደል ያሉ፣ ቀኝ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። የመኪናውን በር ይዘው፣ «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ ከኋላ ገቡ። አማችየው ሊነዳ መሪውን ያዘ፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ መለኪያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ዓይኔን ተከልኩበት። ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ፤ መብራቷም ቦግ አለች።

«አላልኳችሁም?» አሉ እማማ ከኋላ። ድምፃቸው ውስጥ ንዴት የለም፤ እሱ ነው ደስ ያላለኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክብደታቸውን ነው። ወንበሩ ሥር የሚያልፍ ገመድ ሲቀመጡበት ይጫናል ብዬ ወንበሩን ነቀልኩት። ገመዱ ሙሽራ ይመስላል። ግን እኔ በዓይኔ ብቻ የማምን ሰው አይደለሁም፤ እማማን ከጎረቤት ብረታ ብረት ገዢው ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። ሰባ አራት ኪሎ። ከጋራዡ አጠገብ የመኪና ወንበር የሚሰፋው ሰውዬም ሰባ አራት ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ስድሳ ስምንት ነኝ ብሎ ይከራከራል። እሱን በእሳቸው ቦታ አስቀምጬ፣ መሪውን እኔው ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ምንም የለም። የእማማን ሹራብ አስለበስኩት፤ ምንም የለም። ጫማቸውን እግሩ ስለማይገባበት በእጁ አስያዝኩት። አሁንም ምንም።

ረቡዕ እማማን ከፊት አስቀመጥኳቸው፣ አማችየው ነዳ፤ በራች። ከኋላ አስተኛኋቸው፤ በራች። ወንበር ሰፊው ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «መኪናው ይፈራቸዋል ማለት ነው» አለኝ። አሳፋሪው ነገር፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሐሙስ እማማ ራሳቸው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ልጄ፣ ጉልበቴ ውስጥ ብረት አለ። ስወድቅ ጊዜ ሐኪሙ ነው የከተተው። እሱ ይሆን?»

እኔ፣ የስንቱን መኪና ያስነሣሁ ሰው፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ የመለኪያዬን አንዱን ጫፍ የእማማ ጉልበት ላይ፣ ሌላውን የመኪናው በር ላይ አደረግሁ። መንገደኛው ቆሞ ያያል።

«ስንት ይላል?»

«ዜሮ ነው እማማ።»

«ይኸውልህ፣ ለመኪና እንኳ አልሆንም» አሉና ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳቡ። አንጀቴን በሉት። ከዚያ በኋላ የእልህ ነገር ቀርቶ፣ እኚህ ሴት እንዲህ እያሰቡ ከዚያ ቤት እንዳይወጡ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ዓርብ እንደገና ወጣን። እማማ ከኋላ፣ አማችየው መሪው ላይ፣ እኔ መለኪያው ላይ። መብራቷ በራች። በዚህ መሐል የመኪናው መስኮት ተንኳኳ። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ከጎናችን ይሄዳሉ። እማማ መስኮቱን ከፈቱ። ሰላም ተባባሉ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ የአንድ የታመመች ጎረቤት ነገር ተነሣ። ይሄ ሁሉ ሲሆን መኪናው አልቆመም፤ ሽማግሌውም አልቆሙም። በመጨረሻ፣ «በሉ እኔ እቸኩላለሁ» አሉና ቀድመውን ሄዱ።

መለኪያውን ከጭኔ ላይ አወረድኩት። ሰውየው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ሞተሩን አፍኖ፣ በሰው እርምጃ ነው የሚነዳው።

«አንተ፣ ለምንድነው እንዲህ የምትነዳው?»

«እማማ ቀስ ስለሚሉ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«እኔ? መቼ ነው ቀስ ያልኩት?» አሉ ከኋላ።

«ሁልጊዜ፣ ሲገቡ። ‹ቀስ፣ ቀስ› ይላሉ።»

እማማ ጉልበታቸውን ያዙ።

«እሱን ለጉልበቴ ነው የምለው» አሉ እማማ። «እኔ ደግሞ ዓይንዎ የደከመ መስሎኝ። እንዳላሳፍርዎ ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ገበያ ደርሰን እስክንመለስ የማውቀውን ሰው ሁሉ ኃጢአት ቆጥሬ እጨርሳለሁ።»

ሁለቱ አንቱ ይባባላሉ። እሱ የሚስቱ እናት ናቸው ብሎ፣ እሳቸው ልጄን የሰጠሁት ሰው ነው ብለው። ይሉኝታ በቮልት የሚለካ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት መለኪያዬ ይፈነዳ ነበር።

«ብቻህን ስትሆን እንደምትነዳው ንዳ» አልኩት። ቀስ የሚል የመሰለኝ ሰው ማርሹን ቀይሮ ተተኮሰ። ቁጥሩ አሥራ አራት ገባ፤ መብራቷ ጠፋች። እማማ የፊቱን ወንበር ጨብጠው፣ «ይሄ መኪና ይሮጣል እንዴ?» አሉ። ሳያቸው ይስቃሉ።

ጋራዥ ገብተን ዲናሞውን ፈታሁት። ውስጥ ያሉት ካርቦኖች፣ ከሚዞረው ቀለበት ጋር ተነካክተው ከረንት የሚያስተላልፉት፣ ተበልተው የምስር ፍሬ አክለዋል። ሞተሩ ሲፈጥን እንደ ምንም ይሠራሉ፤ ሲያዘግም ይለቃሉ። እማማ ሲኖሩ መኪናው ያዘግማል፤ አለቀ። ለምን ሰኞ እንዳላገኘሁት ልናገር፤ ዲናሞ ስለካ እግሬ ነዳጁ ላይ ነው፣ የቆየ ልማዴ ነው። ለአንድ ደቂቃ እግሬን አንሥቼ ቢሆን ኖሮ የሰው ጉልበት ሥር ባልተንበረከክሁ።

ካርቦኖቹን በዚያው ከሰዓት ቀየርኩ። «እንግዲህ ገደ ቢስ አይደሉም እማማ፤ በማስረጃ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው መረቁኝ። እኔም የተገላገልኩ መስሎኝ ሸኘኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ ሻንጣው በር ላይ ነው» ይላል ያ ሹክሹክታ። «መጥተው ቢያስረዱልን።»

ሥራዬን የተጠራጠሩ መስሎኝ ደሜ ፈልቶ፣ የተበሉትን ካርቦኖች ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ዓይኗ አብጧል። ወንድ ልጃቸው የራሱን መኪና አስነሥቶ ይጠብቃል። አማችየው ግድግዳውን ተደግፏል። ካርቦኖቹን መዳፌ ላይ አድርጌ እንደገና ከሀ ጀምሬ አስረዳሁ። እማማ ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ገብቶኛል ልጄ። መኪናው ድኗል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አሁን መኪናው መንገድ ላይ ሳይቆም ሊሸኙኝ ይችላሉ» አሉና ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው።

ያኔ ነው የገባኝ፤ አምስት ቀን ሙሉ የተፈለገው እሳቸው የሚቀሩበት ምክንያት ነበር፤ ይቅሩ ያላቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ለመሆኑ» አልኩ፣ «ከእናንተ መሐል አይሂዱ ያላቸው አለ?»

«እማዬ ወንድሜ ጋ መሆን የፈለገች መስሎኝ ነው» አለች ልጅቷ።

«እኔ ደግሞ እናንተ የከበዳችሁ መስሎኝ ነው የመጣሁት» አለ ወንድሟ በመኪናው መስኮት።

አማችየውን አየሁት። «እንዳላስገድዳቸው ብዬ ነው» ሲል ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

«አልተሰማኝም» አሉ እማማ።

ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እኔም ሆንኩ ሚስቱ ከእሱ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ፣ ጎረቤት መስኮት እስኪከፍት ድረስ፣ «አይሂዱብኝ» አለ። «ከሥራ ስገባ እንዴት ዋሉ የሚለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። አይሂዱብኝ እማማ።»

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። እማማ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። ወንድ ልጃቸው ሞተሩን አጠፋ።

«ይቺን ለማለት» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «ዲናሞ መፈታት ነበረበት?»

ከዚያ እጃቸውን ወደ አማችየው ዘረጉ። እሱም ቀርቦ ደግፎ አስነሣቸው።

«በል አንተ ልጅ፣ ሻንጣዬን አስገባልኝ» አሉት።

አስገባላቸው።