አንድ ተጨማሪ ወይም

"ወይም" ብላ ጻፈችና ጣቶቿን ከቁልፎቹ በላይ አንሳፍፋ ቆየች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ወንበሯን ተደግፎ ትከሻዋ ላይ ይተነፍሳል።

"ደግሞ ምን ልትጨምሪ ነው?" አላት።

"'ገላ'። 'የገላ መታጠቢያ' ብለው የጻፉም አሉ።"

"ኧረ ገላም አልቀራቸው!"

ቃሉን ከፊትም ከኋላም በመቶኛ ምልክት አጥራ አስገባችው። ምልክቱ ለኮምፒውተሩ "ከቃሉ በፊትና በኋላ የፈለገው ይጻፍ፣ አንተ ብቻ ቃሉን ካየህ አምጣልኝ" እንደ ማለት ነው። ቁልፉን ስትጫን የደንበኞቹ ዝርዝር እንደገና ረዘመ። ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። ቃል በጨመረች ቁጥር አዲስ ሰው ይመጣል፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ደግሞ ገና ያልመጣው ይታሰባታል።

ጣጣው የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው። ድርጅቱ ቧንቧ ይጠግናል፣ የሻወር ማሞቂያም ይሸጣል፣ ይገጥማል። በቅርቡ ከገባው ጭነት አንዱ ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው አሳልፎ አንዲት ደንበኛን ገላዋን እየታጠበች ሳለች ያዛት። ሴትዮዋ ነፍሷ ተርፋ ሆስፒታል ተኝታለች። የቀሩት ማሞቂያዎች የማን የማን ቤት እንደተሰቀሉ ማወቅ ቀላል መሆን ነበረበት፤ ግን አልሆነም። ዳታቤዙ ሲዘረጋ የዕቃው ዓይነት ለብቻው እንዲመዘገብ ያሰበ ሰው አልነበረም። ያለው "ምን ተሠራ?" የሚል አንድ ባዶ ሳጥን ነው፤ ቴክኒሻኖቹም እዚያ ውስጥ እንዳሻቸው ይጽፋሉ። አንዱ "ማሞቂያ" ይላል፣ ሌላው "ቦይለር"፣ ሌላው "ሻወር"። አንዱ ቀልደኛማ "ነጯን ሙሽራ ግድግዳ ላይ ሰቅለናት መጣን" ብሏል። ሙሽራዋንም ጨምራ አስገብታታለች። ቢሮው ውስጥ "ወንፊት" የሚሏት ለዚህ ነው፤ ከእሷ ጥያቄ አምልጦ የሚቀር ነገር የለም እየተባለ።

"በቃ፣ አሁን ላኪው" አለ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። "ከበላይ ሪፖርት እየጠበቁኝ ነው።"

"ትንሽ ልፈትሽ፤ የቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል።"

"አንቺ እኮ ምጽአት ቢመጣም 'ትንሽ ልፈትሽ' ነው የምትይው። ላኪው።"

ላከችው። በዝርዝሩ ላሉት ደንበኞች ስልክ የሄደው መልእክት አጭር ነበር፤ "የሻወር ማሞቂያዎን አይጠቀሙ፤ ብሬከሩን ያውርዱ፤ ባለሙያ እንልካለን" ይላል። ሥራ አስኪያጁ እጁን አፋትጎ በመስታወት ወደ ታጠረው ክፍሉ ገባ።

እሷ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ተነሥታ ውሃ ቀዳች፣ ሳትጠጣው አስቀመጠችው። መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ ወንበሯ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልቧ እንዲያርፍላት እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ማሞቂያውን ከዚሁ ድርጅት ያስገጠሙት በእሷው ጭቅጭቅ ነበርና "መልእክቱ ደርሶኛል" ሲሉ መስማት ፈለገች።

"እማዬ፣ ከእኛ ድርጅት መልእክት ደረሰሽ አይደል?"

"የምን መልእክት? ቶሎ በይ ልጄ፣ ፎጣ አገልድሜ ነው የቆምኩት። ውሃው ሞቆልኛል።"

ወንበሩ ከኋላዋ ተገለበጠ።

"እማዬ፣ ውሃውን እንዳትነኪው!"

"ምነው? ምን መጣ?"

"ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ይይዛል። አሁኑኑ በሩ ጋ ሂጂና ብሬከሩን አውርጂው።"

"አንቺው አይደለሽ እንዴ 'በዚህ ዕድሜሽ በቀዝቃዛ ውሃ አትታጠቢ' ብለሽ የነዘነዝሽኝ?"

"እኔው ነኝ። አውርጂው፣ እማዬ፣ እየሰማሁሽ ነው።"

እናትየው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ተሰማት።

"የቱ ነው? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።"

"ሁሉንም አውርጂው!"

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። መብራቱም ማቀዝቀዣውም አብረው ጠፉ፤ እናትየው "እንግዲህ በቀን ጨለማ አስቀመጥሽኝ" ብለው አጉረመረሙ። እሷ ወለሉ ላይ ቁጢጥ እንዳለች ተገኘች። መቼ እንደተቀመጠች አላወቀችም።

ተነሥታ የእናቷን መዝገብ ፈለገች። ስማቸው አለ፣ ስልካቸውም በትክክል አለ። "ምን ተሠራ?" በሚለው ሳጥን ውስጥ ግን "ዝኒ ከማሁ" ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ጥገና ክፍሉ ወረደች። ጋሼ ፒንሳ የሚሏቸው ቴክኒሻን ጠረጴዛ ላይ የተበታተነ ቧንቧ ዘርግተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። ከቴክኒሻኖቹ ሁሉ አንጋፋው እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹን ያሠለጠኑትም እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ 'ዝኒ ከማሁ' እያላችሁ ነው እንዴ የምትመዘግቡት?"

"አዎ። ምን ነውር አለው?"

"እንደ ማን ማለት ነው?"

"እንደ ላይኛው ነዋ! ፎቅ ላይ ስንሠራ የመጀመሪያውን ቤት ልቅም አድርገን እንጽፋለን። ቀሪው ቤት ሁሉ ያው ሥራ ነው፤ ዝኒ ከማሁ ብለን እንጨርሳለን። እጅ ግራሶ በግራሶ ሆኖ በዚያች ስልክ ላይ ድርሳን ይጻፋል እንዴ? በወረቀቱ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ማንም ተደናግሮ አያውቅም።"

"ወረቀቱ ላይ ላይኛው መስመር ከላይ ይገኛል፣ ጋሼ። እናንተ ማታ ኔትወርክ ስታገኙ አጠራቅማችሁ ነው የምትልኩት። እኔ ጋ ሲደርስ ከሌላው ሰፈር ጋር ተደበላልቋል። ላይኛው የቱ እንደሆነ አይታወቅም።"

ጋሼ ፒንሳ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ነገሩ አሁን ገባቸው።

"መልእክቱ እነሱ ጋ አልሄደም?"

"አልሄደም።"

"በስመ አብ! ልጄ፣ ስንቱን ፎቅ እኮ ነው ዝኒ ከማሁ ያልኩት።" መፍቻውን አስቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው ጠረጉ። "ልጆቹማ ከእኔም ይብሳሉ፤ እሷንም መጻፍ ሰንፈው ነጥብ ብቻ የሚያደርጉ አሉ።"

ወደ ላይ ተመልሳ "ወይም" ብላ "ዝኒ ከማሁ"ን ጨመረች። ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ አበጠ። ማሞቂያ ያስገጠመውም፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያስጠገነውም በአንድ ላይ ነው የመጣው። በነጥብ ያለፉት ደግሞ አሁንም የሉም። ማያ ገጹን እንዳለ ትታ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች።

እሱ ግንባሩን ይዞ ሰማት።

"ሪፖርቱ ሄዷል እኮ" አለ በመጨረሻ። "'ለሁሉም ደንበኞች ተነግሯል' ብዬ ፈርሜያለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው?"

"'ተሳስተናል' ይበሉ።"

"ቧንቧ ላስጠገነ ሰው 'ማሞቂያህ ይገድልሃል' ብለን እንላክ? ከተማው ይሸበራል። ድርጅቱም በዚያው አለቀለት። ነገ ጠዋት ቴክኒሻኖቹ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይለዩታል።"

"ሰው እኮ ዛሬ ከሥራ ገብቶ ነው የሚታጠበው።"

ሰዓቱን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናትሽ ደኅና ናቸው አይደል?" አላት። ክፋት የለበትም፣ የእውነቱን ነው የጠየቃት።

"ደኅና ናት።"

"ተመስገን። እንግዲያው ተረጋጊ።"

ስትወጣ ፊቷ ጋለ። እናቷ ብሬከሩን ካወረዱ ወዲህ ለጥቂት ጊዜ ቢሆንም በእርግጥ ተረጋግታ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከሐሳቧ ወጥቶ ነበር። በራሷ አፈረች።

ጠረጴዛዋ ጋ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ።

"ልጄ፣ ለላይኛዋ ጎረቤቴ አንኳኩቼ ነገርኳት" አሉ እናቷ። "ሕፃኑን ልታጥብ ገንዳውን ዘርግታ ነበር። ለእሷም የመጣ መልእክት የለም። የታችኞቹ ሥራ ናቸው መሰለኝ፣ በራቸው ዝግ ነው። ማታ ሲገቡ ልጠብቃቸው?"

"አትጠብቂያቸው፣ እማዬ። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ስልካቸው አለሽ?"

"የሁሉም አለኝ።"

ተቀመጠች። ጥያቄው ማያ ገጹ ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ ወይም፣ ወይም፣ ወይም እያለ እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥሏል። አንድ ተጨማሪ ወይም ነገም ሊገኝ ይችላል፤ ከነገ ወዲያም። እናቷ "የቱ ነው?" ሲሏት የመለሰችላቸው ትዝ አላት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ በማውሱ መርጣ አጠቆረችውና አንዱንም ሳታስቀር ሰረዘችው። ማጣሪያ የሌለው ጥያቄ አጭር ነው። ድርጅቱ በሩን አንኳኩቶ የገባበት ቤት ሁሉ መጣላት።

በመልእክቱ ግርጌ "ለበለጠ መረጃ" ተብሎ የድርጅቱ ስልክ ተቀምጧል፤ ማንም እንደማያነሣው ሁሉም ያውቃል። እሱን አጥፍታ የራሷን ቁጥር ጻፈችበት። ከዚያ ላከችው።

ከመስታወቱ ወዲያ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ፤ የእሱም ቤት ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። አንሥቶ አነበበና ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ አንገቷን አልደፋችም። እሱ ከወንበሩ ሲነሣ የእሷ ስልክ ጠራ።

"ሀሎ! እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ?" አለ የተቆጣ የሴት ድምፅ። "እኔ ቤት ቧንቧ ነው የተሠራው! ማሞቂያ የሚባል የለኝም! ልቤን አቆማችሁት እኮ! ማን ነው ይህን የላከው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች። የሥራ አስኪያጁ ክፍል በር ሲከፈት ሰምታለች፤ አልዞረችም። "እንኳን ቧንቧ ብቻ ሆነ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎረቤትዎ ማሞቂያ ካላቸው አንዴ በራቸውን ያንኳኩልኝ።"